ኢንዛይምና ኬሚስትሪን አታጣሉብን

ውድ አዘጋጅ፣

«ከተፈጥሮ የመጣው ይሻላል፣ በላብራቶሪ የተሠራው ኬሚካል ነው» የሚለውን ወሬ ስሰማ ዝም ማለት አቅቶኝ ነው የምጽፈው። ሞለኪውሉ አንድ ከሆነ አንድ ነው። ቅጠል ይሥራው፣ እርሾ ይሥራው፣ ኬሚስት ይሥራው፣ ሰውነታችን አይለየውም።

የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒን ተመልከቱ። መጀመሪያ የተገኘው ከተክል ነው። በኋላ ሳይንቲስቶች የተክሉን ጂኖች እርሾ ውስጥ አስገቡና እርሾው ስኳር እየበላ ወደ አርቴሚሲኒን የሚለወጠውን አርቴሚሲኒክ አሲድ ማምረት ጀመረ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ሥራ በአንድ ሊትር 25 ግራም ደርሰዋል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም! ግን እርሾው እዚያ ላይ ያቆማል። መድኃኒቱን መድኃኒት የሚያደርገውን የሁለት ኦክስጅኖች ድልድይ የሚሠሩት ኬሚስቶች ናቸው፣ እጅግ ንቁ በሆነ ኦክስጅን።

ቅጠልም እርሾም የሚሠሩት በኢንዛይም ነው፣ ማለትም የኬሚካል ለውጥን በሚያፋጥን ፕሮቲን። ኢንዛይም ውኃ ውስጥ፣ ያለ ብዙ ሙቀት ይሠራል። ደግሞ እንደ ቀኝና ግራ እጅ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል የሆኑ ሞለኪውሎችን ይለያል። ካርቮን የሚባለው ሞለኪውል አንዱ ቅርጹ ናና ናና ይሸታል፣ የመስታወት ምስሉ ግን ሌላ ጠረን ነው ያለው፤ ኬሚስት ይህን ለመለየት ብዙ ይለፋል። በሌላ በኩል ኢንዛይም ያለመደውን ነገር ሲሰጡት አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ይላል። አሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ፍራንሰስ አርኖልድ በ2018 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤልን የተካፈሉት ኢንዛይሞችን ደጋግመው እየለወጡና እየመረጡ አዲስ ሥራ ማስለመድ እንደሚቻል ስላሳዩ ነው።

እባካችሁ፣ ስለ መድኃኒት ስትጽፉ «ተፈጥሯዊ» ብላችሁ አትለፉ። የትኛውን ደረጃ ማን እንደሠራው ንገሩን።

አንድ የኬሚስትሪ መምህር