ከሮም ለመጣችሁልኝና ለጄንዛኖ ጎረቤቶቼ፦ የኮርፑስ ዶሚኒ ምስጋና

ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ይመስገን። የዘንድሮው ኮርፑስ ዶሚኒ፣ የጌታችን ቅዱስ ሥጋና ክቡር ደም በዓል፣ ያለ ዝናብና ያለ ነፋስ አለፈልን።

ጄንዛኖን ለማታውቁ፣ ከሮም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከኔሚ ሐይቅ በላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከ1778 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ በዓል ወደ ሳንታ ማሪያ ዴላ ቺማ ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣው ዳገት በአበባ ቅጠል ይሸፈናል። ቅዱሳን፣ ጽዋ፣ መላእክት፣ ሁሉም በአበባ ይሣላሉ።

መጀመሪያ የማመሰግነው እናንተን ነው፣ ሐሙስ የመጣችሁልኝን። የሰው ቤት ለምንሠራ የዕረፍት ጊዜያችን የሆኑት ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ምን ማለት እንደሆኑ ጣሊያን የኖረ ያውቃል። ያችኑ ሐሙስ ይዛችሁ፣ ከሮም አናኒና ሜትሮ ጣቢያ በኮትራል አውቶቡስ ቆማችሁ መጥታችሁ፣ አበባ ስትበጥሱ አመሻችሁ። ቱሪስቱ ይህን አያየውም። እያንዳንዱ አበባ ከግንዱ ተለይቶ፣ ቅጠሉ በየቀለሙ ተከፍሎ፣ እንዳይጠወልግ ከማዘጋጃ ቤቱ ሥር ባሉት ቀዝቃዛ ዋሻዎች ይቀመጣል። ጣታችሁ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ነው የተመለሳችሁት። አብዛኞቻችሁ ደግሞ ኦርቶዶክስ ናችሁ፣ የሰኔን ጾም ይዛችኋል። ጎረቤቶቼ የአሪቻን ፖርኬታ፣ የአሳማ ጥብስ፣ ቆርጠው ሲያቀርቡላችሁ የጄንዛኖን ዳቦ ብቻ ተቀብላችሁ ከምሳ ዕቃችሁ ሽሮ አወጣችሁ። ያንን ሽሮ ያልቀመሰ የአበባ ሠራተኛ አልቀረም።

እግረ መንገዴን ጥያቄያችሁን ልመልስ፤ «ጸሎተ ሐሙስ እያለ ሌላ የቁርባን በዓል ለምን?» ብላችሁኝ ነበር። ጸሎተ ሐሙስ በሕማማት ውስጥ ስለሚውል እልል አይባልበትም። በሊዬዥ ከተማ፣ በዛሬዋ ቤልጅየም፣ ዩልያና የምትባል መነኩሲት ለቅዱስ ቁርባን ራሱን የቻለ በዓል እንዲሠራ ስትለምን ኖረች፤ የከተማው ጳጳስ በ1246 እ.ኤ.አ. ተቀበሏት። በዚያው አገር ሊቀ ዲያቆን የነበሩት ኋላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዑርባኖስ አራተኛ ሆነው በ1264 ለመላዋ ቤተ ክርስቲያን አወጁት። እኔ የምንከባከባቸው ሲኞራ (እመቤት) ግን የቦልሴናውን ታሪክ ነው የሚወዱት፤ በ1263 እየተጠራጠረ ይቀድስ በነበረ ካህን እጅ ኅብስቱ ደማ የሚለውን። ደም የነካው ጨርቅ ዛሬም ኦርቪየቶ ካቴድራል ውስጥ ይከበራል። ቀኑ በጥንቱ ሥርዓት ሐሙስ ነው፤ ጣሊያን ከ1977 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ እሁድ አዞረችው።

አሁን ወደ ሲኞራ። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። ልጅ ሳሉ እዚያው መንገድ ላይ ተንበርክከው አበባ ያነጠፉ ሰው፣ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከሦስተኛ ፎቅ አልወረዱም፤ የሕንፃው አሳንሰርም ከቆመ ሰንብቷል። የቁምስናችን (የአጥቢያችን) ወጣቶች፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ አራት ሆናችሁ መጣችሁ። ሌሊቱን ሙሉ በጉልበታችሁ ስትድሁ አድራችሁ፣ እንቅልፍ በዐይናችሁ እየዞረ፣ ወንበራቸውን በደረጃው አወረዳችሁ፣ ከዚያ በምንጣፉ ዳር ዳር ዳገቱን ገፋችሁ። አንድ ቅጠል አልረገጣችሁም። በጥምቀት ወጣቶቻችን ለታቦቱ ምንጣፍ ሲያነጥፉ ያየ ሰው ይህን ጥንቃቄ ያውቀዋል፤ አበባው የተነጠፈው ለቅዱስ ቁርባኑ ነውና ማንም አይቀድመውም።

ምሽት ላይ ካህኑ በጥላው ሥር ቅዱስ ቁርባኑን ከፍ አድርገው ሲመጡ፣ ነጭ የለበሱት የመጀመሪያ ቁርባን ልጆች ከፊት ሲሄዱ፣ ሲኞራ የቁርባኑን መዝሙር «ታንቱም ኤርጎ»ን በላቲን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዜሙ። መድኃኒታቸውን ወስደው እንደሆነ የማያስታውሱ ሴት ናቸው! አበባውን ፎቶ አንስተው ከዑደቱ በፊት ወደ ሮም የሚመለሱ እንግዶች ያሳዝኑኛል፤ የሠርግ ቤት ድንኳን አይቶ ሙሽራውን ሳያይ እንደሚሄድ ሰው ይሆኑብኛል።

ቆሞሳችንን ስለ አንድ ነገር ለብቻ አመሰግናለሁ። ከሲኞራ ወንበር አጠገብ ሲደርሱ ዑደቱን አቁመው በቅዱስ ቁርባኑ ባረኳቸው። የአበባ ሠዓሊ ጌቶችም፣ እኛን ባዕዳን ሳትሉ አንዱን የሥዕል ጠርዝ ሙሉ ስለ ሰጣችሁን፣ ስንዛነፍም በትዕግሥት ስላረማችሁን እናመሰግናለን።

ሰኞ ዕለት ሕፃናቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ተነሥተው ቁልቁል እየሮጡ ያንን ሁሉ አበባ ሲበትኑት ቪዲዮ ልኬላችሁ፣ አንዷ «ወይኔ ልፋቴ!» ብላ ጽፋልኛለች። ልማዱ ነው እህቴ፣ አይዞሽ። ሲኞራ ይህንንም በመስኮት ሆነው ሰምተው ሲስቁ ነበር።

ሦስት የምሳ ዕቃና አንድ ጥቁር ነጠላ እኔ ጋር ቀርቷል። በሚቀጥለው ሐሙስ አናኒና ይዤ እመጣለሁ። እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈላችሁ።

እህታችሁ፣ ከጄንዛኖ