የንባብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የንባብ ክበብ በወላጆች በዓል ላይ የሚያቀርበው ድራማም ሆነ መዝሙር ስለሌለው፣ «ይህ ክበብ ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳይቀር ይሰማል። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ እንዳልቻሉ ላስታወሰ ሰው ግን መልሱ ሩቅ አይደለም። በእኛም ዘንድ 4ኛ ክፍል ደርሰው «ቄ»ን ለመለየት ከ«ቀ» ጀምረው በለሆሳስ የሚቆጥሩ ልጆች አሉ።

ዓመቱን ሙሉ ያከራከረንም ይኸው ነው። አንጋፋ ባልደረቦቼ 231ዱ ፊደላት በገበታው ተራ ካልተቆጠሩ ንባብ የለም ሲሉ፣ ወጣቶቹ ልጆች ከሚያውቋቸው ቃላት ተነሥቶ ፊደሉን መነጠል ይሻላል ይላሉ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ በመሆኔ ወደ ቆጠራው ማዘንበሌን አልክድም፤ ይሁንና የኔታም ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳ ያስቆጥሩን የነበረው፣ በቃል የያዝነውን ተራ አፍርሰው ፊደሉን በዓይናችን እንድንለየው ነበር።

የዓርብ ስብሰባዎቻችን እንደ ወትሮው ተካሂደዋል።

በግንቦት ወር አባላቱን ይዘን ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር በመውረድ ያገኙትን ጽሑፍ ሁሉ እንዲያነቡ አደረግን። በክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ አንዲት የ4ኛ ክፍል ተማሪ «ዋና ክልክል ነው» ከሚል ሰሌዳ ፊት ቆማ፣ «ዋና በር» እንደምንለው «ና»ን አጥብቃ አነበበች። ሁለት ልጆች ሳቁባት። ከቤቷ ይዛው በመጣችው በሲዳሙ አፎ የሚጠብቅ ድምፅ በሁለት ፊደል ይጻፋል፤ በአማርኛ ግን መጥበቁን የሚነግራት ምልክት የለም። ጣቷን ከሰሌዳው ሳታነሣ ወደ ውኃው ዘወር ብላ አየችና፣ «ና»ን አላልታ ደገመችው። ያረማት ሰው አልነበረም። እኔም ለጊዜው የምናገረው ጠፋኝ።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ከ38 አባላት 9ኙ ቀርተውብናል፤ ከሰዓት በኋላ ቤተሰብ በሥራ የሚያግዙ ናቸው። በጥቅምት መጻሕፍት ሊሰጠን ቃል የገባ አካልም እስከ ሰኔ ድረስ «በሂደት ላይ ነው» ከማለት አላለፈም። የመረብ ኳስ መረብ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚገዛበት ግቢ፣ ክበባችን ያሉት የልጆች መጻሕፍት 11 ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህም ሦስቱ ሽፋን የላቸውም። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸው አንብበው የጨረሷቸውን መጻሕፍት እንዲልኩልን፣ ርእሰ መምህሩም ቤተ መጻሕፍቱ ዓርብ ዓርብ እስከ 11 ሰዓት ክፍት ሆኖ እንዲቆይ እንዲፈቅዱልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።