የቃኘው ስም ወደ ሰፈሩ ይመለስ

ለኢ.ፌ.ዴ.ሪ. መከላከያ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ «ቃኘው» የሚለው ስም በአገልግሎት ላይ ላለ አንድ ሻለቃ እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

የአያቴ የኮሪያ ሜዳይ እኔ ዘንድ ነው። ነሐስ ነው፤ ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ ሽንትር፣ ጽሑፉ አማርኛ። የተባበሩት መንግሥታት ለእኛ ዘማቾች በገዛ ፊደላችን አስቀርጾ የሰጠው ነው። በደርግ ጊዜ እማማ በጨርቅ ጠቅልለው በርበሬ ዕቃ ውስጥ ደብቀውት ስለኖሩ፣ ጥብጣቡ ዛሬም ወደ አፍንጫ ሲያስጠጉት ያስነጥሳል። ያኔ ወዳጅነቱ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ነበርና ለደቡብ መዝመት የሚወራ ነገር አልነበረም።

በኮሪያ ጦርነት ለደቡብ የዘመተው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ (ከንጉሡ ጠባቂ ጦር) ተውጣጥቶ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ሲነሣ፣ ጃንሆይ ሰንደቅ አስረክበው ይዛችሁት ተመለሱ ብለው ሸኙት። ስሙም የአባታቸው የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው፤ አባ ቃኘው። በኋላ ኮንጎ የዘመተው ብርጌድም «ጠቅል» ተባለ፤ አባ ጠቅል ደግሞ የራሳቸው የፈረስ ስም ነበር። በፈረስ ስም መጠራትና መፎከር የቆየ ወግ ስለሆነ ወታደሩ ትርጉሙን የሚነግረው አላስፈለገውም። በሰልፍ ቀን መኮንኖቹ የአንበሳ ጎፈር ይደፉ ነበር። (ጎፈሩ ይመለስ አልልም፤ አንበሶቹም ያሳዝኑኛል።)

የምለምነው ስሙን ነው። ቃኘው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ሲዋጋ ከ120 በላይ ሰው ሰውቶ አንድም ምርኮኛ አልሰጠም። ስሙን ዛሬ የምናገኘው አፍንጮ በር ካለው ሐውልትና ኮሪያ ቹንቾን ካለው መታሰቢያ ላይ ነው። በበዓሉ ቀን አበባ ይቀመጣል፤ ከፊት ረድፍ ያለው ወንበር ግን በየዓመቱ ይጎድላል።

ስለዚህ አንድ ሻለቃ «ቃኘው» ተብሎ ይሰየም። ምልክቱን ትከሻው ላይ ያድርግ፤ አዲስ ምልምል በገባ ቁጥር የወደቁት በስም ይጠሩለት። ሰንደቁን በሕይወት ያሉት አባቶች በእጃቸው ያስረክቡት፤ ይህ ለከርሞ የሚባል ጉዳይ አይደለም። የንጉሡ ዘመን ነገር ነው የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። የስሙ ባለቤት ራስ መኮንን ግን ዓድዋም ዘምተዋል።

ለርክክቡ ካስፈለገ ሜዳዩን ይዤ እመጣለሁ። ጥብጣቡን አላጥበውም።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ቃኘው ዘማች የልጅ ልጅ