ድንኳኑ የት ይተከል?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጋዜጣችሁን ለሦስት ነው የምናነበው። አንደኛ ፎቅ ያለው ጎረቤቴ ይገዛል። አንብቦ ሲጨርስ በቤቴ በር ስር ያስገባልኛል። እኔ ደግሞ ከላይ ላለችው አሳልፋለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ካወጣችሁት ቢያንስ ሦስት ቤት ይነበባል። ለአራተኛው፣ ማለትም ጉዳዩ ለሚመለከተው ሰው፣ እናንተ አድርሱልኝ።

ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ጂኦግራፊ ነበር የማስተምረው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ፣ የእድራችንም ገንዘብ ያዥ ነኝ። ገንዘቡ እንኳ ባንክ ነው ያለው። እኔ ጋ ያለው የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ነው። እዚያ ውስጥ ወንበር፣ ብረት ድስትና ድንኳን አለ። የምጽፈው ስለ ድንኳኑ ነው።

ባለፈው የካቲት አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንድ አባት አረፉ። የኮንዶሚኒየም ደረጃ የወጣ ሰው ያውቀዋል፣ መታጠፊያው ላይ የሬሳ ሳጥን አይዞርም። ልጆቻቸው አጋደሉት፣ አቆሙት፣ አልሆነም። በመጨረሻ አባታቸውን በብርድ ልብስ ይዘው አወረዷቸውና ሳጥኑ ውስጥ ታች አስገቧቸው። እኛ ደረጃው ላይ የቆምነው ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዞርን።

ከዚያ ድንኳኑ ወጣ። ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር ነው። የት ይተከል? ከብሎኩ ፊት ለፊት ኮብልስቶን ነው፣ ካስማ አይገባበትም። ከኋላ መኪና ሞልቷል። ልጆች ባለመኪኖቹን ፍለጋ ከብሎክ ብሎክ ሲሮጡ አረፈዱ። ሁለቱ ባለመኪኖች አልተገኙም። ስለዚህ ድንኳኑን ግማሹን አጥፈን፣ ቢጫ ጄሪካን ውሃ ሞልተን ገመዱን በእሱ አሰርን። ሌሊት ነፋስ ሲመጣ ጄሪካኑ እየተንከባለለ ሄደ። ሸራው ለቅሶ የተቀመጡት ሰዎች ላይ ወረደ። ሳቅና ልቅሶ ተደባለቀ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ስቄያለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከዚያ 80 እርምጃ ራቅ ብሎ ባዶ ሜዳ አለን። ከገባን ጀምሮ ድንኳን የምንተክለው እዚያ ነበር። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ለመስቀል ደመራ እናበራበታለን፣ በበዓል በግ ይታረድበታል። ጥር ላይ በቆርቆሮ ታጠረ።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከጥቅምት ነው። ሦስት ወጣቶች ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ይዘው መጡ፣ ለኩ፣ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተክለው ሄዱ። አንደኛውን ምን ሊሆን ነው ብዬ ጠየቅሁት። “ማዘር፣ ተጨማሪ ቤት ሊሠራ ነው። ደስ አይልዎትም?” አለኝ። ደስ ይለኛል አልኩት። እውነቴን ነው።

ለምን ቢባል፣ ልጄ የ2005 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ነው። ያን ዓመት 10/90፣ 20/80፣ 40/60 እየተባለ (የፊተኛው ቁጥር ገዢው የሚቆጥበው፣ የኋለኛው ባንክ የሚያበድረው በመቶኛ ነው) ከተማው ሁሉ ሲሰለፍ እሱም 20/80 ተመዘገበ። ያኔ አላገባም ነበር። ዛሬ ሁለት ልጆች አሉት፣ ትልቋ እኔን በቁመት ልትደርስብኝ ነው። ዕጣ በወጣ ቁጥር የስም ዝርዝሩን በጣታችን እየተከተልን ወርደናል። በ2014 ክረምት የወጣው ዕጣ ሲሰረዝማ ያልደረሰንም ሰዎች አብረን አዘንን። በኪራይ አራት ሰፈር ቀይሯል። የኪራይ አዋጁ በ2016 ከወጣ ወዲህ ትንሽ ተንፈስ ብሏል እንጂ በየስድስት ወሩ ጨምር ወይ ውጣ ነበር። እንዲህ ዓይነት ልጅ ያላት እናት ቤት አይሠራ ልትል አትችልም። አላልኩምም።

ኅዳር ላይ ስብሰባ ተጠራን። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ስሙን አልጠራም፣ እነሱ ራሳቸውን ያውቁታል። በር ላይ ስም ጽፈን ፈረምን፣ ሃይላንድ ውሃ ተሰጠን፣ ተቀመጥን። አንደኛው ስለ ልማት አንድ ሰዓት ተናገረ። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የታየው ሥዕል በጣም ያምር ነበር። ዛፉ፣ ፏፏቴው፣ ጋሪ የምትገፋው ሴት። የጂኦግራፊ መምህርት ነኝና ሰሜን በየት በኩል ነው፣ ስኬሉስ ስንት ነው ብዬ ጠየቅሁ። “ይሄ ለማሳያ ነው” ተባልኩ። ሜዳው ላይ ስንት ብሎክ ነው የሚቆመው አልኩ። “ዝርዝሩ ገና ነው።” የቀረው ሰው ስለ ውሃና ስለ ሊዝ ዕዳ ጠየቀ። መሸ፣ ተበተንን። ከሁለት ወር በኋላ ስለ አጥሩ ልንጠይቅ ስንሄድ አንድ ፋይል ተከፈተ። ውስጡ በር ላይ የፈረምንበት ወረቀት አለ። ከላዩ “ከነዋሪው ጋር ውይይት ተደርጎ ስምምነት ላይ ተደርሷል” የሚል ደብዳቤ ተያይዟል። የኔ ፊርማ አራተኛ ተራ ላይ ነው። ለመገኘቴ የፈረምኩት ለመስማማቴ ሆኖ ተቆጥሯል።

ሰላሳ ዓመት አቴንዳንስ ይዣለሁ። “አለሁ” ያለ ተማሪ ሁሉ ትምህርቱ ገብቶታል ብዬ ማርክ ሰጥቼ አላውቅም።

አንዳንድ አንባቢ “አሮጊቷ የድሮው ሰፈር ናፍቋት ነው” ይል ይሆናል። አይደለም። ጀሞ የገባሁት ከልደታ ነው፣ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሳ። ቤታችን መንግሥት ትርፍ ቤት ከወረሰበት ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ የቀበሌ የሆነ የጭቃ ቤት ነበር። ሽንት ቤቱ ለስምንት አባወራ ነው። ክረምት ሲገባ በየጥጉ ባልዲ እንደቅን ነበር። የራሴን ሽንት ቤት ቁልፍ የያዝኩባት ቀን በሕይወቴ ካየኋቸው ጥሩ ቀኖች አንዷ ናት። ግን ዕጣ ሲወጣ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። ግማሹ እዚህ መጣ፣ ግማሹ ሌላ ሳይት ደረሰው፣ አቅም ያለው እዚያው ልደታ ተመልሶ ገባ። እኛ ብሎክ ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ሴት ሞተው የቀበሯቸው ወንድማቸውና ሁለት ጥበቃዎች ናቸው። ሌሎቻችን በማግስቱ ነው የሰማነው። እድሩን ያቋቋምነው ከዚያ በኋላ፣ በኀፍረት ነው። ክርስቲያንም ሙስሊምም አለበት። ካዛንቺስና ፒያሳ በልማት ተነስተው አዲስ ሳይት የገቡ ሰዎችም ይህንኑ እንደ አዲስ እየጀመሩት ይሆናል። እነሱም ነገ ድንኳን ይገዛሉ።

ከመጀመሪያው ከገርጂ ሳይት ጀምሮ ኮንዶሚኒየም የነደፉት ሰዎች ይህን ሳያስቡት ቀርተው አይደለም። ለዚህ ብለው ነው ኮሚናል የሚባለውን ቤት በየብሎኮቹ መሐል ያስገቡት። እንጀራ ይጋገርበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ በግ ይታረድበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል ተብሎ። በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅም የጋራ መጠቀሚያ የሚባለው የቤቶቹ ባለቤቶች ሁሉ የጋራ ሀብት ነው ይላል። የእኛ ኮሚናል መጀመሪያ የሲሚንቶ ማከማቻ ሆነ፣ ቀጥሎ ቢሮ ሆነ፣ አሁን ተከራይቶ ለስላሳ መጠጥ ይከፋፈልበታል። ማን እንዳከራየው አልጽፍም። እኛ ደግሞ እንጀራ በረንዳ ላይ እንጋግራለን። አራት ምጣድ አንዴ ሲሰካ መብራቱ ድርግም ይላል። ፋሲካ ለት ሦስተኛ ፎቅ በግ የሚያርድ ሰው አለ፣ ደሙ በደረጃው ይወርዳል። በዚህ ሰውዬ ተቆጥቼ ነበር። አሁን ሜዳው ከታጠረ በኋላ ግን ምን ልበለው?

በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ 30፣ 30፣ 40 የሚባል ነገር አለ። ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30ው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40ው ለግንባታ ማለት ነው። ይህ ለመላው ከተማ የተቀመጠ ስሌት እንጂ ለእያንዳንዱ ግቢ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ከልጅ ልጄ ጋር አንድ እሁድ ወጥተን ግቢያችንን በእርምጃ ለካን። እሷ ትቆጥራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። መኪና ማቆሚያውን መንገድ ብለን፣ ብሎኮቹን ግንባታ ብለን፣ የታጠረውን ሜዳ ስናወጣው አረንጓዴ የሚባል የቀረን የባሕር ዛፎቹ ሥርና የጥበቃው የጎመን መደብ ነው።

ስለ ውሃ ብዙ አልልም፣ ተሰልችቷል። የእኛ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ትንሽ ይንጠባጠባል። አዲሶቹ ብሎኮች ከዚያው ቧንቧ ነው የሚቀጠሉት። ሜክሲኮ አደባባይ ያለውን የጀሞ ታክሲ ሰልፍ ያየ የቀረውን ራሱ ይሙላው።

አንድ ነገር ግን መዝለል የለብኝም። እኛስ የቆምነው በማን መሬት ላይ ነው? ይህ ሰፈር የእርሻ መሬት ነበር። ወተት የምታመጣልኝ ሴት አባቷ እዚህ ጤፍ ያርሱ እንደነበር ነግራኛለች። አንዴ በመስኮቴ እያየች “ያቺ የመኪና ማቆሚያዋ ጋ አውድማ ነበረች” አለችኝ። የእኛ ብሎክ ሲቆም አባቷን ማን እንደጠየቃቸው አላውቅም። እኔ ቁልፌን ስቀበል አልጠየቅሁም። በ2011 ከገበሬ በተወሰደ መሬት ላይ በተሠራው በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ምክንያት የተነሳውን ቁጣ በቴሌቪዥን ሳይ ይቺ ሴት ነበረች የምትታየኝ። ስለዚህ “ለምን ሳንጠየቅ” ስል ትንሽ አፌ ይያዛል።

ልጄ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ሲሰማ “እማዬ፣ ለድንኳን ብለሽ ቤት ልታስቀሪ ነው እንዴ? ሰው በዓመት ስንቴ ይሞታል?” አለኝ። ሦስት ቀን ከነከነኝ። ከዚያ መዝገቡን ገለጥኩ። ባለፈው ዓመት ድንኳናችን ለለቅሶ 11 ጊዜ፣ ለሠርግ 4 ጊዜ፣ ለተዝካርና ለክርስትና 6 ጊዜ ወጥቷል። የለቅሶው ሦስት ሦስት ቀን ነው። መልሼ ለልጄ አሳየሁት። “እሺ፣ ታዲያ እኔ የት ልግባ?” አለ። ልክ ነው።

ስለዚህ ሁለታችን ወጥ ቤት ተቀምጠን ያሰብነው ይህ ነው። ሜዳው ላይ ሥሩ። ግን ግራውንድ ፎቁን በጨረታ የሚሸጥ ሱቅ አታድርጉት። ከሱቅ ገንዘብ እንደሚገኝ አውቃለሁ፣ ሱቅም ያስፈልጋል፣ ግን በአንድ ብሎክ ሥር ብቻ ምሰሶው ይቁምና መሐሉ ክፍት ይሁን። ወለሉ ሊሾ ይሁን፣ ጥግ ላይ ውሃና አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ መስመር ይግባ። ያኔ ድንኳንም አያስፈልገንም። ልጆች ዝናብ ሲሆን ይጫወቱበታል። በግ የሚያርደው ሰውዬም ይወርዳል። የደረጃውን መታጠፊያ ደግሞ አንድ ክንድ አስፉት። ኮሚናሉም ይመለስልን። ፕላኑን ከነልኬቱ በአማርኛ ጽፋችሁ ብሎኩ በር ላይ አንድ ወር ለጥፉት፤ እናቶች እንጀራ ገዝተው ሲመለሱ ያነቡታል። ስንሰበሰብም ለመገኘት የምንፈርምበትና ለመስማማት የምንፈርምበት ወረቀት ለየቅል ይሁን። ሁለተኛውን እኔ ራሴ ቀድሜ ልፈርም እችላለሁ።

ሥዕሉን የሚሠሩት ልጆች የድንኳኑን ልክ ማየት ቢፈልጉ ዕቃ ቤቱ ክፍት ነው። ሜትር ይዘው ይምጡ። ከመጪው ሐሙስ በስተቀር፣ የዚያን ቀን ጡረታዬን ልቀበል እወጣለሁ፣ ሁልጊዜ ቤት አለሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ በሩ ላይ የደረቀ ቄጠማ ያለበት። ደወሉ አይሠራም፣ ያንኳኩ።

ከአክብሮት ጋር
የእድሩ ገንዘብ ያዥ
ጀሞ፣ አዲስ አበባ