ለአባባ፣ ስለ ቡጢ

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ደም ግፊትዎስ? እማማስ ደህና ናት? እኔ ከናፍቆታችሁና ከግራ ዓይኔ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ዓይኔን በቪዲዮ ካያችሁ በኋላ የላኩልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። «አንተ ልጅ፣ ለመደብደብ ገንዘብ ትከፍላለህ?» ብለው ተቆጡ። ቀጥሎ ድምፅዎን ዝቅ አደረጉና «ለመሆኑ ትችለዋለህ?» አሉኝ። ዝቅ ያደረጉት እማማ እንዳትሰማ ይመስለኛል። እኔም በስልክ ልመልስ ብል አጠገብዎ ሆና ትሰማለች። ስለዚህ ጻፍኩት።

አዎ፣ እከፍላለሁ። ያውም በየወሩ። የቦክስ ጂሙ እዚሁ ሜሪላንድ ነው፤ ዝነኛው ቦክሰኛ ሹገር ሬይ ሌናርድ ካደገባት ፓልመር ፓርክ ብዙም አይርቅም። አሰልጣኛችን በእርስዎ ዕድሜ የሚገኝ ሽማግሌ ነው። ወሬ አይወድም። ስገባ በእርስዎ ኩርኩም ያደገ ጭንቅላት እንዳለኝ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ኩርኩምን በእንግሊዝኛ የማስረዳበት መንገድ ጠፋኝ እንጂ።

የመጀመሪያው ትምህርት መምታት አይደለም። ጥግ አቆመኝ። የጥርስ መከላከያውን ንከስ፣ አገጭህን ወደ ደረትህ አስጠጋ፣ እጅህን ከፍ አድርግ አለኝ። ከዚያ በትልልቁ የልምምድ ጓንት ግንባሬን ቀስ እያለ ይነካካኝ ጀመር። ምንም አያምም። ግን ጓንቱ ሲመጣ ዓይኔ ይጨፈናል፣ ፊቴ ይዞራል፣ ትንፋሼ ቀጥ ይላል። «ዓይንህን ግለጥ። በአፍንጫህ አስወጣ።» ደግሞ ይነካኛል። «ዓይንህን!» ለሳምንታት ሥራችን ይኸው ነበር።

ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። ሰው የሚዘረረው ባላየው ቡጢ ነው። እየመጣ ካዩት አንገት ቀድሞ ይጠነክራል፣ ራስም ትንሽ አብሮ ይሸሻል፣ ብዙው ኃይል መንገድ ላይ ይቀራል። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ግን ሁሉንም በሙሉ ዋጋው ይቀበላል።

አገጭ ለምን እንደሚፈለግም አስረድቶኛል። ግንባር ጠንካራ አጥንት ነው፤ እሱን የመታ የገዛ እጁን ሊሰብር ይችላል። አገጭ ግን ጫፍ ላይ ነው ያለው። ከጎን ሲመታ ራስ ድንገት ይሽከረከራል፤ ውስጡ ያለው አንጎል ደግሞ እኩል ሊከተል አይችልም። ሰው በቁሙ የሚጠፋው ያኔ ነው። በዚህ ውስጥ ወንድነት የሚባል ነገር የለበትም፣ አባባ። አንገትን በስፖርት ማጠንከር ይቻላል፣ እሱም በመጠኑ ይረዳል። አገጭን የሚያጠነክር ስፖርት ግን እስካሁን አልተገኘም። ራስ ላይ የሚታሰረው መከላከያም ቢሆን ቆዳ እንዳይሰነጠቅ ያግዛል እንጂ የአንጎልን መናወጥ አያስቀርም። የአማተር ቦክስ ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2013 ከወንዶች ግጥሚያ አውጥቶታል፤ የሪዮ ኦሊምፒክ ላይ ወንዶቹ ያለሱ ነው የተጋጠሙት። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። መቀነሱ ስለሚያደክመኝ እንዳለ ይውሰዱልኝ።)

አሁን ወደ ዓይኔ ልምጣ። ስፓሪንግ ላይ ነበርን፤ ማለትም የልምምድ ግጥሚያ። በግራዬ ጀብ፣ ማለትም ፈጣን ቀጥታ ቡጢ፣ ወረወርኩና እጄን ዝቅ አድርጌ ስመልስ፣ የልጁ ቀኝ በላዩ ገባ። ሕመም የለውም። መብራት ድርግም ብሎ ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ እንደሚሆነው ነው። ሲመለስልኝ ቆሜያለሁ። እግሬ ከመሬት አልተነሣም፣ እጄም ፊቴ ላይ ነው። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስ አለኝ። «ቻልኩት!» ነው ያልኩት በሆዴ።

አሰልጣኙ ዙሩን አቋረጠው። ጓንቴን አውልቆ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ዛሬ ቀኑ ማነው? የት ነህ? ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉንም መለስኩ። ያም ሆኖ ወደ ቤትህ ሂድ፣ ሐኪም ዘንድ ቅረብ፣ እኔ እስክፈቅድልህ ስፓሪንግ የለም አለኝ።

«ቆሜያለሁ እኮ» አልኩት።

«የሚያሳስበኝ እሱ ነው» አለኝ።

በኋላ ሲያስረዳኝ፣ የወደቀውን ልጅ ዳኛው ይቆጥርለታል፣ ግጥሚያው ይቆማል፣ ሰው ያነሣዋል። ያልወደቀው ግን ቀጣዩን ይቀበላል። ከሱም ቀጣዩን። እንዳይመታ መማር የሚገባውን ነገር ሳይማር ይቀራል፤ ምክንያቱም ቢመታም ይችለዋላ! እሱ እንዳለው ጠንካራ አገጭ ያላቸው ልጆች ናቸው መከላከል ለማስተማር የሚያስቸግሩት።

የሆድ ቡጢ ሌላ ነው። በቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት በታች ጉበት ላይ የሚያርፍ ግራ ሁክ፣ ማለትም ክንድ ታጥፎ ከጎን የሚመጣ ቡጢ፣ አለ። ሲያርፍ ምንም አይደለም። ለአንድ አፍታ ምንም። ከዚያ ገላ ራሱ ውሉን ያፈርሳል። ጭንቅላት ንጹሕ ነው፣ ተነሣ ተነሣ ይላል፤ ጉልበት አይሰማም። እንደሚሰግድ ሙስሊም ወዳጅዎ በሁለት ጉልበቴና በግንባሬ መሬት ነክቼ ቀረሁ። እዚያ ላይ ድፍረት የሚባለው ነገር ጨርሶ አልመጣም። ጀግና ሆነው ካላዩኝ ይቅር ይበሉኝ፣ ጉበትን ማንም አያሳምነውም።

አባባ፣ ስለ ቦክሰኛው መሐመድ አሊ ሁሌ የሚነግሩኝን ታሪክ አስቤው ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1974)፣ ንጉሡ ከወረዱ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኪንሻሳ ላይ አሊ ገመድ ተደግፎ ሻምፒዮኑን ጆርጅ ፎርማንን «ምታኝ» አለው፤ ተደብድቦ ተደብድቦ አደከመውና በስምንተኛው ዙር ዘረረው። የሰፈራችሁ ልጆች ሁሉ አበዱ። «አየህ፣ የቻለ ያሸንፋል» ይሉኝ ነበር።

ሙሉውን ግጥሚያ ተቀምጬ አየሁት። እርስዎ ከሚነግሩኝ ትንሽ ይለያል። ፎርማን ያን ጊዜ አስፈሪ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የቀድሞውን ሻምፒዮን ጆ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ያነጠፈ ሰው ነው። አሊ ግን ገመዱ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጦ ራሱን አርቆ ነበር። አብዛኛው ቡጢ ያረፈው ክንዱ ላይ ነው። በመሃል ደግሞ ቀጥታ ቀኙን ፊቱ ላይ እየሰካበት ነበር። ፎርማን ፊቱ ያበጠው ዝም ብሎ ነው እንዴ? አሊ ያን ሌሊት ያሸነፈው በደንብ ስላልተመታ ነው ብል ይቆጡኛል?

የተመታው ከዚያ በኋላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ማኒላ ላይ ከፍሬዘር ጋር 14 ዙር። በ1977 ከኧርኒ ሼቨርስ ጋር 15 ዙር ሙሉ፤ ከሱ በኋላ ሐኪሙ ፈርዲ ፓቼኮ አቁም ብሎ ሰሚ ሲያጣ ትቶት ሄደ። በ1980 ደግሞ የድሮ የልምምድ ጓደኛው ላሪ ሆምስ ቀጠቀጠው። ቀጠቀጠው ስል ግን ሆምስ ራሱ እየሳሳለት ነበር ይባላል። አሊ ያን ቀንም አልወደቀም። ከአሥረኛው ዙር በኋላ ያስቆመው አሰልጣኙ አንጄሎ ደንዲ ነው። አራት ዓመት ቆይቶ ፓርኪንሰን የሚባለው የሚያንቀጠቅጥ በሽታ እንዳለበት ተነገረው።

ቡጢው ብቻ ነው ያመጣበት ለማለት ሐኪሞችም በአንድ ቃል አይናገሩም፣ እኔም አልልም። ግን ማርትላንድ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ብዙ የተመቱ ቦክሰኞች እንደ ሰካራም እንደሚንገዳገዱና አንደበታቸው እንደሚታሰር የጻፈው በ1928 ነው። አሊ ሳይወለድ ማለት ነው።

በ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ፣ ፋጡማ ሮባና ኃይሌ ወርቅ ያመጡልን ጊዜ፣ ችቦውን የለኮሰው አሊ እንደነበር ያስታውሳሉ። በሳሎናችን ቴሌቪዥን እጁ ሲንቀጠቀጥ አይተው «ምን ነካው?» አሉ። እማማ ቡና እየቀዳች ነበር። ማንም አልመለሰልዎትም፤ እርስዎም ደግመው አልጠየቁም።

«ትችለዋለህ ወይ» ላሉት፣ እንደ ማንም ሰው እችላለሁ። ከመሃከለኛው ትንሽ ሻል እላለሁ መሰለኝ። አሰልጣኙ ይህን ሲሰማ አይደሰትም፣ እርስዎ ግን ደስ ይበልዎት። ሐኪሙ ደህና ነህ ብሎኛል። ልምምዱን አልተውም፤ ገመድ መዝለሉ፣ ከረጢት መምታቱ፣ ላቡ ለጤናዬ ተስማምቶኛል፣ ከሥራ መልስ የሚያናድደኝንም ሁሉ እዚያ ጥዬ እመጣለሁ። ስፓሪንጉን ቀለል ባለው በኩል ብቻ እቀጥላለሁ። ለጀማሪዎች የሚዘጋጅ ግጥሚያ ነበር፣ ስሜን አላስመዘገብኩም። ይህን ለእማማ መንገር ይችላሉ። የጉበቱን ነገር ግን አደራ።

የኪንሻሳውን ግጥሚያ ለእህቴ ልኬላታለሁ፤ በስልኳ ታሳይዎታለች። መነጽርዎን ያድርጉና ስምንተኛው ዙር ከመድረሱ በፊት የአሊን ቀኝ እጅ ይቁጠሩልኝ። እሁድ ስደውል እንከራከራለን።

አክባሪ ልጅዎ
ከሜሪላንድ