ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ሽቦው ይታይ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

አውቶማቲክ ካምቢዮ አስቸገረኝ ያለ ሰው ሁሉ «ይውረድና ይፈታ» እየተባለ ላልተገባ ወጪ ሲዳረግ ስለማይ፣ በራሴ መኪና ላይ የደረሰውን ብጽፍ ለአንዳንድ አንባቢ ይጠቅማል ብዬ አስቤያለሁ።

መኪናዬ ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ቶዮታ ኮሮላ ናት። አላርም ካስገጠምኩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስነዳ የሞተሩ ዙር ከለመድኩት በላይ ወጥቶ አልወርድ አለ፤ ነዳጅ አወሳሰዷም ጨመረ። ያማከርኩት ጋራዥ በኮምፒውተር ፈትሾ አንድም የብልሽት ኮድ ስላላገኘ፣ የተበላሸው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ነውና ካምቢዮው ወርዶ ይፈታ፣ አለዚያም ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ይገዛ የሚል ውሳኔ ሰጠኝ።

ከዚህ ወጪ ያዳነኝ አንድ የማላውቀው ሾፌር ነው። ከኋላዬ ሲነዳ ቆይቶ የክፍያ ጣቢያው ላይ ስንቆም፣ «ወንድሜ፣ የፍሬን መብራትህ እኮ መንገዱን ሙሉ አልጠፋም» አለኝ። ቤት ደርሼ ሞተሩ እንደበራ፣ የእጅ ፍሬኑን ይዤ እግሬን ከፔዳሉ ላይ ካነሳሁ በኋላ የማርሹን እጀታ ብስበው ከ«ፒ»፣ ማለትም ከመቆሚያው ቦታ፣ ያለ ምንም ተቃውሞ ወጣ። ፍሬን ካልተረገጠ እጀታው መውጣት አልነበረበትም። ጋቢና የተቀመጠ ሕፃን ነካክቶት ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ሳስበው እስካሁን ይዘገንነኛል።

እነዚህን ሁሉ የሚያገናኛቸው ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ያለው ትንሽ ስዊች ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ከስዊቹ የሚወጣው 12 ቮልት የኋላውን መብራት ያበራል፣ የእጀታውን መቆለፊያ ያስለቅቃል፣ ለመኪናው ኮምፒውተርም ፍሬን መያዙን ይነግረዋል። ኮምፒውተሩ ይህን ሲሰማ በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ሞተሩንና ካምቢዮውን አጥብቆ የሚያያይዘውን ፍሪሲዮን ይለቀዋል። መልእክቱ ሳይቋረጥ ከደረሰው ግን ፍሪሲዮኑን ከነጭራሹ አይዘውም፤ ሞተሩ ያለ ጥቅም ይሽከረከራል፣ የካምቢዮውም ዘይት ከሚገባው በላይ ይሞቃል። በእኔ መኪና ላይ ኮድ ያልተመዘገበውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ለኮምፒውተሩ የተረገጠ ፍሬን ብልሽት አይደለም። ኮድ ከማንበብ አልፎ በስካነሩ ላይ የፍሬን ስዊቹ ሁኔታ ቢታይ ኖሮ፣ እግሬ መሬት ላይ እያለ «በርቷል» እንደሚል በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይታወቅ ነበር።

ከአንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ጋር ሆነን ከመሪው በታች ያለውን ሽፋን ስንከፍት፣ አላርሙን የገጠመው ሰው የፍሬን መብራቱንና ቁልፍ ሲዞር ኃይል የሚያገኘውን ሽቦ ጎን ለጎን መሀላቸው ላይ ልጦ፣ ቀጫጭን ሽቦ ጠምጥሞባቸው፣ በፕላስተር ብቻ አልፏቸዋል። ፕላስተሩ በሙቀት ላልቶ ተንሸራቷል፤ ሁለቱም መዳቦች ተነካክተዋል። የስዊቹን ሶኬት ነቅለን ቁልፉን ብናዞር እንኳ በፍሬን መብራቱ ሽቦ ላይ 12 ቮልት ነበር፤ ይህም ጥፋቱ የስዊቹ አለመሆኑንና ኃይሉ ከሌላ ቦታ እንደሚመጣ አረጋገጠልን። ቁልፉ ሲወጣ ኃይሉ ስለሚቋረጥ ባትሪዬም አንድ ቀን ሞቶ አላሳየኝም። ሁለቱን ሽቦዎች በጣት ስናለያያቸው የኋላው መብራት ጠፋ። ከዚያ እያንዳንዳቸው በሊድ ተበይደው ለየብቻ በሽሪንክ (ሲሞቅ ተኮማትሮ ሽቦውን በሚይዝ የፕላስቲክ ቱቦ) ተሸፈኑ፤ በማግስቱ ዙሩ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ካምቢዮ አይበላሽም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን የማርሽ ሶሌኖይዶቹ (ማርሽ ለመቀየር የካምቢዮውን ዘይት መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፍቱና የሚዘጉ ቫልቮች) እንኳ ቢጠረጠሩ ካምቢዮው ሳይወርድ ሶኬቱን ነቅሎ በኦም መለካት ይቻላል፤ በብዙ ቶዮታዎች ላይ ከ11 እስከ 15 ኦም ድረስ ያነባሉ። ይህንን በባለ አምፖል መሞከሪያ የሚያደርጉ ሰዎች ግን ኮምፒውተሩን ሊያቃጥሉ ስለሚችሉ መልቲሜትር ቢይዙ ይሻላል።

አላርም፣ ካሜራና ጂፒኤስ የሚገጥሙ ሠራተኞች ከየትኛው ሽቦ ላይ እንደቀጠሉ፣ ቀለሙን ጭምር፣ ደረሰኙ ላይ ቢጽፉ ቀጥሎ የሚመጣው መካኒክ ግማሹ ሥራ ይቀልለት ነበር። በእኔ ደረሰኝ ላይ የሰፈረው «አላርም ከነገጠማው» የሚል ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ