የባዮሎጂ ክበብ ዓመት፦ «ሳትቀምሰው እንዴት ለመደችው?»

ዘንድሮ 19 አባላት ነበሩን። ችግኝ ተክለናል፣ የእጅ መታጠብ ቀንንም አክብረናል። እሱን ፎቶው ይናገር። ዓመቱን የበላብን አንድ ጥያቄ ነው።

ኅዳር ላይ ስለ ፔኒሲሊን እያወራን ነበር። ኦክስፎርድ ላይ ለሕመምተኛ በመርፌ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። አብርሃምና ቼይን የሚባሉ ተመራማሪዎች ግን መድኃኒቱን የሚያፈርስ ኢንዛይም ባክቴሪያ ውስጥ ማግኘታቸውን በ1940 ጽፈዋል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ገና ሳትቀምሰው እንዴት ለመደችው?»

ተያዝኩ። እንደኔ ጥፋቱ የቃሉ ነው። «መድኃኒት መላመድ» ስንል ባክቴሪያዋ እንደ ሚጥሚጣ ቀስ በቀስ የለመደችው ይመስላል። ኢንዛይሙ ግን ከመድኃኒት ቤት በፊት ነበር። አፈር ውስጥ ሻጋታና ባክቴሪያ ሲጋደሉ ነው የኖሩት፤ ፔኒሲሊንም የሻጋታ ሥራ ነው። ካናዳ፣ ዩኮን ውስጥ 30,000 ዓመት በረዶ ሆኖ ከቆየ አፈር ይህን ኢንዛይም የሚሠሩ ጂኖች ተገኝተዋል። የኛ መድኃኒት ያደረገው ሌሎቹን ጨርሶ ሜዳውን ለባለ ኢንዛይሞቹ መልቀቅ ነው።

ታዲያ ኢንዛይሙ ራሱ ከየት መጣ? ይህን ለወላጆች ቀን በጭውውት አሳየን። አንዱ ልጅ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚሠራው ኢንዛይም ሆኖ የካርቶን ጡብ ይደረድራል። ፔኒሲሊን ጡብ መስሎ መጣ። ልጁ ሲያነሳው በዱቄት ሙጫ እጁ ላይ ተጣበቀ፤ ግንባታው ቆመ፣ ግድግዳው ተናደ። ከዚያ መድኃኒቱን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ሆና ዘመዱ ገባች። እሷም ከግንበኞች ዘር ናት። ጡቡ እጇ ላይ ይጣበቃል፣ ግን በሌላው እጇ ሃይላንድ ይዛለች። ውኃ ስታፈስበት ይላቀቅና ቀጣዩን ታነሳለች። ፔኒሲሊንን የሚያፈርሰው እውነተኛው ኢንዛይም፣ ቤታ-ላክታሜዝም፣ እንዲሁ ነው። እንደ ግንበኛው ሁሉ ፔኒሲሊንን ሴሪን በሚባል አሚኖ አሲድ ይይዛል፣ ከዚያ በውኃ ሞለኪውል ያላቅቀዋል። የሁለቱ ቅርጽም የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ይናገራል። ዚንክ የሚጠቀሙት ቤታ-ላክታሜዞች ሌላ ዘር ስለሆኑ መድረክ ላይ አላወጣናቸውም።

በዕለቱ ሙጫው ደርቆ አንድ ሃይላንድ ውኃ አልበቃም። ልጅቷ እጇን እያራገፈች ሁለተኛ ጠየቀች፤ ወላጆች በሳቅ ሞቱ። መድረኩን የጠረግኩት እኔ ነኝ።

ካርቶኖቹ በስብሰዋል። ለመስከረም ባዶ የጫማ ካርቶን ያላችሁ አትጣሉብን።